እጄን ሳሳርፍ ልጄ ዝም ይላል

ጥያቄ፦ የምኖረው ሐዋሳ ሲሆን ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን ፀንሳ 21ኛ ሳምንቷን ይዛለች። ተቀጥሬ የጭነት መኪና ስለምነዳ ቤቴ የማድረው በሳምንት ሁለት ሌሊት ብቻ ነው። እሷ «ተንቀሳቀሰ» ባለችኝ ቁጥር እጄን ሆዷ ላይ ባሳርፍም ምንም አይሰማኝም፤ ለልጄ ባዳ የሆንኩ ይመስለኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የመጀመሪያዋን የፀነሰች ሴት የፅንሱን እንቅስቃሴ ለይታ የምታውቀው አብዛኛውን ጊዜ ከ18ኛው እስከ 20ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ሲሆን፣ ያው እንቅስቃሴ ከውጭ ላረፈ እጅ እስኪሰማ ድረስ ግን ተጨማሪ ሳምንታት ይወስዳል፤ የእንግዴ ልጁ በማህፀኗ የፊት ግድግዳ ላይ ካረፈ ደግሞ ምቱን ስለሚያበርደው ጊዜው ይበልጥ ይረዝማል። ስለዚህ ባዳ አልሆኑም፣ ጊዜው አልደረሰም እንጂ። ቤትዎ በሚያድሩበት ምሽት እሷ በጎኗ ጋደም ስትል እጅዎን ሳይጫኑ አሳርፈው ረጋ ብለው ይቆዩ፤ ፅንሱ እንቅልፍና ንቃት ስለሚፈራረቅበት የአንድ ደቂቃ ሙከራ አይበቃም።

ድምፅዎን በተመለከተ፣ ፅንሱ ለውጭ ድምፅ ምላሽ መስጠት የሚጀምረው ከ24ኛው እስከ 26ኛው ሳምንት ገደማ ነው። ከሁሉም ጎልቶ የሚደርሰው በአካሏ ውስጥ የሚያልፈው የእናቱ ድምፅ መሆኑን ግን ልንደብቅዎ አንፈልግም። እንዲያም ሆኖ ያናግሩት፤ በየዕለቱ የሚጠሩት ልጅ ለእርስዎ ለራስዎ እየቀረበ ይመጣልና። ከመንገድ ሲደውሉም ስልኩን ሆዷ ላይ ከማስደገፍ ይልቅ ከእሷው ጋር ረዘም አድርገው ቢያወሩ እንመርጣለን፤ በዚህ ወቅት ወደ ልጅዎ የሚያደርሰው መንገድ እሷ ናትና።

ከሁሉ አብልጠን የምናሳስብዎ የክትትሉን ቀን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ24ኛው ሳምንት በፊት አንድ የአልትራሳውንድ ምርመራ እንዲደረግ ስለሚመክር፣ እስካሁን ካልተደረገላት ቀጠሮውን ቤት ከሚሆኑበት ቀን ጋር አስማምተው አብረዋት ይግቡ፤ የልብ ምቱን በዓይንዎ ማየት እጅዎ የነሳዎትን እርግጠኝነት ይሰጥዎታል። ሐዋሳ ወባ ያለባት ከተማ ስለሆነች በአጎበር ውስጥ መተኛቷን ይከታተሉ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለአባት ከሙሉ ደመወዝ ጋር የ3 ተከታታይ ቀናት ፈቃድ ስለሚሰጥ፣ የመውለጃዋን ወቅት ለአሠሪዎ ከአሁኑ ያሳውቁ።

እሷ የለመደችው እንቅስቃሴ ቢቀንስ ወይም ቢጠፋ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይገባታል። እርስዎ መንገድ ላይ ሳሉ ይህ ቢያጋጥም ማን ይዟት እንደሚሄድ በዚህ ሳምንት ቤት ሲገቡ ተነጋግራችሁ ወስኑ።