ያለ ሊፍት 285/70 ጎማ ይገባል ወይ?

ሰላም ወንድሜ። ኤስዩቪህ ከፋብሪካ 265/65 አር17 ጎማ ይዞ ነው የመጣው። ሊፍት ሳታደርግ፣ ማለትም መኪናውን ከፍ ለማድረግ ሞላውንም ሾክ አብዞርበሩንም ሳትነካ 285/70 አር17 ልታስገባ አስበሃል። አንዱ "ይገባል" ሌላው "ይነካል" እያለ ግራ አጋብቶሃል። ሁለቱም ልክ ናቸው። መኪናው ቀጥ ብሎ ሲቆም ይገባል። መሪው ታጥፎ ጉድጓድ ሲመታ ይነካል።

ቁጥሩን እንየው። 265 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። 65 ማለት የጎኑ ቁመት ከስፋቱ 65 በመቶ ነው ማለት ነው። 17 የቸርኬው ኢንች ነው። ሲሰላ የአሁኑ ጎማህ ዲያሜትር 776 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የ285/70ው 831 ነው። ልዩነቱ 55 ሚሊ ሜትር ሆነ ማለት ነው። መኪናህ ግን በ55 ከፍ አይልም። ከመሬት የሚያነሳህ ግማሹ ብቻ ነው፣ 27 ሚሊ ሜትር። ያንኑ ያህል ደግሞ ጎማው ወደ ላይ፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያብጥና ፓራፋንጎው ውስጥ ያለውን ክፍት ቦታ ይበላል። ስፋቱም በ20 ሚሊ ሜትር ይጨምራል። በዚያው ቸርኬ ከሆነ 10 ወደ ውስጥ፣ 10 ወደ ውጭ።

ብዙ ሰው የሚፈራው ጎማው አናቱ ላይ ፓራፋንጎውን እንዳይመታ ነው። የእኔ ልምድ ሌላ ነው። መጀመሪያ የሚነካው የፊት ጎማ የኋላ ጠርዝ ነው። መሪውን ሙሉ ስታጥፈው ጎማው ዞሮ የፕላስቲኩን ሽፋን ይፍቃል፣ ቀጥሎ የጭቃ መከላከያውን። ከዚያ ጀርባ ካሮሴሪያው ሻንሲው ላይ የሚታሰርበት ብረት አለ። ፕላስቲክ ቢፈቅ ግድ የለም። ብረት ከነካ ግን ጎማ ይቆርጣል። ሌላው ቦታ ውስጥ ነው፤ ሰፊ ጎማ ወደ ላይኛው ብራቾ (ጎማውን ከሻንሲው ጋር የሚያያይዘው ክንድ) ይጠጋል። የኋላ ጎማዎች ስለማይታጠፉ ብዙም አያስቸግሩም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ሊፍት ቢኖርህም ይሄ ነገር ሙሉ በሙሉ አይፈታም። ሊፍት መኪናው የሚቆምበትን ከፍታ ነው የሚቀይረው። ሞላው እስከ መጨረሻው ሲታመቅ ጎማው የሚደርሰው ድሮ የሚደርስበት ቦታ ነው። "ሊፍት አድርግና ተገላገል" የሚሉህን ሁሉ አትስማ።

አሁን ወደ ኦፍሴት፤ ቸርኬው የሚታሰርበት ፊት ከቸርኬው ስፋት መሃል ምን ያህል እንደሚርቅ የሚለካው ቁጥር ነው። ውስጥ ብራቾውን እንዳይነካ ብለው ስፔሰር (ቸርኬውን ወደ ውጭ የሚገፋ ከጀርባው የሚገባ ብረት) የሚያስገቡ ወይም ኦፍሴቱ ያነሰ ቸርኬ የሚገዙ አሉ። ውስጡ እውነትም ይለቃል። ግን ጎማው ወደ ውጭ በወጣ ቁጥር መሪ ስታጥፍ የሚዞረው ክብ ይሰፋል። ያኔ ከኋላ ያንን ብረት፣ ከፊት የባምፐሩን ጥግ ይፈልጋል። ከአንዱ ሸሽተህ ሌላው ላይ ትወድቃለህ። ኩሽኔታውም ላይ ጫናው ይጨምራል። መኪናው ሲወጣ የነበረው ቸርኬ ደህና ከሆነ አትቀይረው። ስፋቱን ግን እየው። 7.5 ኢንች ከሆነ 285/70 የሚፈቀደው የመጨረሻው ጠባብ ቸርኬ ላይ ነው የሚቀመጠው።

እኔ በራሴ መኪና ላይ 265/70 አር17 ነው የምነዳው፣ በፋብሪካው ሞላና ቸርኬ። ዲያሜትሩ 803 ነው፤ የማገኘው ከፍታ 13 ሚሊ ሜትር ብቻ። ትንሽ ይመስላል፣ ግን የጎኑ ግድግዳ ስለረዘመ ድንጋይ ላይ ልዩነቱ ይታወቃል። ምንም አይነካም። የጓደኛዬ መኪና ላይ 285 ስናስገባ ግን ስራው ሌላ ነበር። የጭቃ መከላከያውን አወጣን። ሽፋኑን በሙቀት አለስልሰን ወደ ኋላ ገፋነው። አላይመንት የሚሰራውን ልጅ ካስተሩን (የፊት ጎማው የሚታጠፍበት ዘንግ ወደ ኋላ ያለውን ዘንበል) ትንሽ እንዲጨምር ጠየቅነው፤ ካስተር ሲጨምር ጎማው ወደ ፊት ስለሚሄድ ከኋላው ብረት ይርቃል። ሰራ። ግን በኋላ ማርሽ መሪውን ሙሉ አጥፎ ሲወጣ ዛሬም ይፍቃል።

ከፍታ ከሆነ የምትፈልገው 255/75 አር17ን ካገኘህ አስብበት። ዲያሜትሩ 814 ነው፣ ግን ከአሁኑ ጎማህ 10 ሚሊ ሜትር ይጠባል። ጠባብ ረጅም ጎማ የሚገባው ቦታ ሰፊው አይገባም። እንደ መልክ ከሆነ ሰፊው ያምራል፣ አልክድም።

ከመግዛትህ በፊት ጎሚስታው አንድ ጎማ ብቻ የፊት ቸርኬ ላይ እንዲያስርልህ ለምነው። መሪውን በሁለቱም በኩል እስከ መጨረሻው አጥፍ፣ ወደ ፊትም ወደ ኋላም ንዳ። ከዚያ ያንን ጎማ ከፍ ያለ ነገር ላይ አውጥተህ ሞላው ሲታመቅ ድጋሚ አጥፍ። መኪና ቆሞ በጣት ክፍተት መለካት ምንም አይነግርህም። አንድ ሌላ ነገር፤ ቁጥሩ አንድ ሆኖ የጎማው አሰራር ይለያያል። ጥርሳቸው ትልልቅ የሆኑ የጭቃ ጎማዎች ትከሻቸው ስለሚወጣ ቀድመው ይነካሉ።

ስለ አነዳዱ ባጭሩ። 285/70 አሁን ካለህ በ7 በመቶ ይበልጣል። ስለዚህ ዳሽቦርዱ ካሳየው 100 ይልቅ የምትሄደው ወደ 107 ይጠጋል። 265/70 ላይ ልዩነቱ 3.4 በመቶ ነው፤ አብዛኞቹ መኪኖች ከፋብሪካ ፍጥነትን ትንሽ አጋነው ስለሚያሳዩ ብዙም አይታወቅም። ኪሎ ሜትሩም አሳንሶ ስለሚቆጥር ነዳጅ ከእውነቱ በላይ የበላ ይመስላል። በእርግጥም ትንሽ ይበላል፤ ጎማው ከባድ ነው፣ ማርሹም ረጅም ይሆንበታል። ዳገት ላይ አውቶማቲክ ካምቢዮ ማርሽ ቶሎ ቶሎ ሲቀያይር ትሰማዋለህ። ፍሬኑም ያንን ክብደት ነው የሚያቆመው። የጎማው የጭነት ቁጥር ደግሞ ከፋብሪካው እንዳያንስ።

ስኮርታውን ሰው ሁሉ ይረሳዋል። ሁልጊዜ በአራቱም ጎማ የሚነዳ መኪና ከሆነ ሌላ ዲያሜትር ያለው ስኮርታ አስረህ ረጅም መንገድ መሄድ ዲፈረንሻሉን ያስጨንቃል። ስለዚህ አምስት ጎማ ነው የምትገዛው። አምስተኛው መኪናው ስር በሚሰቀልበት ቦታ መግባቱንም ለካ።

ከቻልክ የቸርኬህ ጀርባ ላይ የተቀረጸውን ስፋትና ኦፍሴት ፎቶ አንስተህ ለጥፍ። እሱን ሳላይ "285 አስገባ" አልልህም። 265/70ን ግን ከሙከራው በኋላ ምንም ካልነካ ሳላመነታ ግዛ እልሃለሁ።