ሽሎቹ ጨለማ ውስጥ የሚቀመጡት ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦ የዓሣ ሽል ላይ ብርሃን አብርቶ ጂን ማስነሳት ይቻላል ሲባል ሰማሁ። ግን ዓሣ ቀኑን ሙሉ ብርሃን ውስጥ አይደል እንዴ የሚውለው? ታዲያ ጂኖቹ ሁሉ ለምን አይነሱም? ደግሞስ ይሄ ነገር ምን ይረባል?

መልስ፦ ብርሃን ብቻውንማ ምንም አያመጣም። ብርሃኑን የሚቀበለው ፕሮቲን የዓሣው አይደለም፣ ከባክቴሪያ የተወሰደ ነው። አንዱ ኢኤል222 ይባላል። ጨለማ ውስጥ ተጣጥፎ ይቀመጣል፤ 450 ናኖሜትር አካባቢ የሆነ ሰማያዊ ብርሃን ሲያርፍበት ግን ይከፈትና ሁለት ሁለት እየሆነ ዲኤንኤ ላይ ይጣበቃል። የትም አይደለም ታዲያ፤ ተመራማሪዎቹ አስቀድመው ባስገቡት አጭር የዲኤንኤ ክፍል ላይ ነው፣ የሚነሳውም ከዚያ ክፍል ቀጥሎ ያስቀመጡት ጂን ነው። ሌሎቹ ጂኖች የዘወትር ሥራቸው ላይ ናቸው።

ጥቅሙ ሰዓትና ቦታ መምረጡ ነው። አንድ ጂን በሽሉ እድገት መጀመሪያ አንድ ሥራ፣ ቆይቶ ደግሞ ሌላ ሥራ ሊሠራ ይችላል፤ ከመነሻው ካጠፉት ሽሉ ይሞትና ሁለተኛውን ሥራ ሳያዩት ይቀራል። በሙቀት ጂን ማስነሳትም አለ፣ ግን የሚሞቀው ሽሉ በሙሉ ነው። ብርሃንን ግን በማይክሮስኮፕ ጥቂት ሴሎች ላይ ብቻ ማሳረፍ ይቻላል። በ2017 በወጣ ጥናት ሶክስ32 የተባለውን ጂን በዚህ መንገድ አስነስተው፣ ቆዳና ነርቭ ወደ መሆን ያመሩ የነበሩ ሴሎችን አንጀትና ጉበት ወደሚወጣበት ወገን አዙረዋቸዋል። ለዚህ ዚብራፊሽ የተባለውን ትንሽ ዓሣ የሚያህል የለም፦ ሽሉ ከእናቱ ውጭ ያድጋል፣ ውስጡ ወለል ብሎ ይታያል፣ በ24 ሰዓት ውስጥም የሰውነቱ ዋና ቅርጽ ይወጣል።

ጣጣው ያለው ጨለማው ላይ ነው። የክፍሉ መብራትም የማይክሮስኮፑም ነጭ ብርሃን ሰማያዊ አለበት፣ ስለዚህ ፕሮቲኑ የገባባቸው ሽሎች ሰዓታቸው እስኪደርስ በፎይል ተጠቅልለው ይቆያሉ፣ የሚነካኩትም በቀይ መብራት ነው። ሰማያዊ ብርሃን ሲበዛ ደግሞ ራሱ ሴል ይጎዳል። ስለዚህ ፕሮቲኑ የሌላቸው ሽሎች እኩል ብርሃን ካልተሰጣቸው፣ ለውጡን ያመጣው ጂኑ ይሁን መብራቱ አይለይም፤ እኔ እንዲህ ያለ ውጤት ሳነብ መጀመሪያ የምፈልገው እሱን ነው። መብራቱን ማጥፋትም ቢሆን ወዲያው ሁሉን አያቆምም፤ ከጂኑ አዲስ መልእክት (ፕሮቲን የሚሠራበት ቅጂ) መጻፉ ይቆማል እንጂ ከጂኑ አስቀድሞ የተሠራው ፕሮቲን እስኪበላሽ ድረስ ሥራውን ይቀጥላል።