እናቴን ሳስታምም ጸሎት አቃተኝ

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ነው የምኖረው። እናቴ የጡት ካንሰር አለባት፣ በየሦስት ሳምንቱ ኬሞ ትወስዳለች። ሥራ ትቼ የማስታምማት እኔ ብቻ ነኝ። ዘመዶች «መድኃኒቱን ተዉትና ጸበል ያዙ» ይሉናል። እኔ ደግሞ ማታ ጸሎት ስጀምር እንቅልፍ ይጥለኛል፣ «አባታችን ሆይ»ን እንኳ አልጨርስም። እምነቴ ቀዝቅዞ ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ እግዚአብሔር እናትሽን ይማርልሽ። እምነትሽ አልቀዘቀዘም፣ ደክሞሻል። ኤልያስ ከክትክታው ዛፍ ሥር ወድቆ ሞቱን ሲለምን መልአኩ አልተቆጣውም። እንጎቻና ውኃ አቀረበለት፣ በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ። ስለዚህ ጸሎቱ መሃል ላይ እንቅልፍ ከወሰደሽ አትሸማቀቂ።

የጸበሉን ነገር ግን በግልጽ ልንገርሽ፦ ኬሞው እንዳይቋረጥ! ጸበልና መድኃኒት ተጣልተው አያውቁም። ሲራክ ምዕራፍ 38 ላይ ሐኪምን አክብር፣ እሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ይላል። ሕዝቅያስም ጸሎቱ ተሰምቶለት እንኳ ኢሳይያስ ቁስሉ ላይ የበለስ ጥፍጥፍ እንዲደረግለት አዟል። ኬሞ የነጭ የደም ሴልን ስለሚቀንስ ኢንፌክሽን ቶሎ ይይዛታል፣ ስለዚህ ሰው በሚጋፋበት ቦታ በብርድ ከመጠመቋ በፊት ሐኪሟን ጠይቂ። ትኩሳቷ 38 ዲግሪ ከደረሰ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ውሰጃት፣ አይነጋም ወይ ብለሽ አትጠብቂ። ጾሙን በተመለከተ የንስሐ አባቷን አነጋግሪ፤ ቤተ ክርስቲያን በሽተኛን አታስጨንቅም። በሽተኛ ቅዱስ ዘይት የሚቀባበት ጸሎተ ቀንዲልም እንዲደረግላት ጠይቂያቸው።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። እኔም አክስቴን አስታምሜያለሁ፣ ያውም ሊፍት በሌለው ፎቅ ላይ። ከሕክምና ስንመለስ ሁለተኛ ፎቅ ስንደርስ ትንፋሿ ያልቅ ነበር፣ ግድግዳ ተደግፋ ትቆማለች። አንድ ቀን አንዲት ጎረቤት ሳትጠየቅ ሰማያዊ የፕላስቲክ በርጩማ እዚያው ደረጃው መታጠፊያ ላይ አኖረችልን። እስከ መጨረሻው ማንም አላነሳትም። የሙሴ እጅ በዛለ ጊዜ አሮንና ሆር መጀመሪያ ያደረጉት ድንጋይ አምጥተው እሱን እላዩ ላይ ማስቀመጥ ነበር፣ ከዚያ ነው ግራና ቀኝ ሆነው እጁን የያዙለት። ያን ታሪክ ስሰማ ዛሬም ትዝ የምትለኝ ያቺ በርጩማ ናት።

አንቺ ግን ሰው «ምን ላግዝሽ?» ሲልሽ «ኧረ ደህና ነን» እያልሽ ትመልሻለሽ ብዬ እገምታለሁ፣ ሁላችንም እንደዚያው ነን። እባክሽ ተዪው። የዕድሩ ሴቶች ለልቅሶ ብቻ አይደሉም። አንዷን ውኃ በሚመጣበት ቀን ጀሪካን እንድትሞላልሽ፣ አንዱን ዘመድ (ያንን «ጸበል ያዙ» የሚለውን ቢሆን ደስ ይለኛል) በቀጠሮ ቀን ሆስፒታል እንዲያደርሳት በስም ጠርተሽ ለምኚ። ልጃቸውን በካንሰር ያጡ ወላጆች የመሠረቱት ማቲዎስ ወንዱ የካንሰር ሶሳይቲም አለ፣ ሄደሽ አማክሪያቸው።

ማታ ጸሎት ካቃተሽ ደግሞ እናትሽ ጮክ ብላ ትጸልይ፣ አንቺ አጠገቧ ጋደም ብለሽ «አሜን» በይ። እንቅልፍ ከወሰደሽም ትጨርስልሻለች።