ጥያቄና መልስ፦ የዲፖ፣ የቦቴና የማደያ ሥራ (ከኮምቦልቻና ከደሴ ለሚጠይቁ)

መላሽ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ኮምቦልቻ ዲፖ (የነዳጅ ማከማቻ)፣ ቦቴ ላይ ወይም ማደያ ለመሥራት የምትዘጋጁ ጠይቁ። የነዳጁን ዓይነትና የዕቃውን መጠን ጨምሩበት። ስለ ደሞዝና ስለ ቅጥር አልመልስም።

የቦርከና ልጅ፦ ጋሼ፣ ቦቴ ላይ ረዳት ሆኜ ልጀምር ነው። ሲራገፍ መጀመሪያ የሚያዘው ምንድን ነው?

መላሽ፦ የመሬት ሽቦው፣ የተጠራቀመ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚያወርደው። ሞተር ይጥፋ፣ ለጎማው ታኮ ይግባ፣ የእሳት ማጥፊያው ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ይቀመጥ፤ ከዚያ ማንኛውም ክዳን ሳይከፈት ሽቦው ይታሰር። አንዱ መቆንጠጫ መጀመሪያ ቀለም በሌለበት የቦቴው ብረት ላይ፣ ሌላው ቀጥሎ ራቅ ባለው የመሬት ዘንግ ላይ። ብልጭታ ካለ የሚወጣው በመጨረሻው ንክኪ ነው፤ ስለዚህ ያ ንክኪ ከትነቱ ይራቅ። የሚፈታውም ቱቦው ተነቅሎ ክዳኑ ከተዘጋ በኋላ፣ በተገላቢጦሽ ነው። ቀለም ወይም ዝገት ላይ የተቆነጠጠ ሽቦ እንዳልታሰረ ቁጠረው።

ቀጥሎ የማደያውን ታንክ በዘንግ ለካ። ከ95 በመቶ በላይ አይሞላም፤ የቀረው ለመስፋፋት ነው። የዘንጉን ጫፍ የውኃ መለያ ቅባት ቀባው፤ ቀለሙን ከለወጠ ከሥር ውኃ አለ። ቱቦው መጀመሪያ ከታንኩ ይገጠማል፣ ከዚያ ከቦቴው። ቫልቩ ቀስ ተብሎ ይከፈታል።

ሐይቅ ዳር፦ ናፍጣ ክብሪት ቢጣልበት እንኳ ወዲያው አይያዝም። ቤንዚን የነበረበት የቦቴ ክፍል ላይ ናፍጣ ቢጫን ምን አለበት?

መላሽ፦ ይህን ጥያቄ ሁሉም ያንብበው፤ ዲፖ ላይ ከዚህ የባሰ ጭነት የለም። የቤንዚን ትነት የሚቀጣጠለው በአየሩ ውስጥ ያለው መጠን ከ1.4 እስከ 7.6 በመቶ ሲሆን ነው። ቤንዚን አሁን የወረደበት ክፍል ብዙውን ጊዜ ከዚያ በላይ ስለሆነ ለመቀጣጠል አየር ያንሰዋል። ናፍጣ ሲገባበት ግን የቤንዚኑን ትነት ይመጠዋል፣ አየርም ይገባል፣ መጠኑም ወርዶ በትክክል የሚቀጣጠልበት ላይ ይደርሳል። በዚያው ሰዓት ናፍጣው በቧንቧውና በማጣሪያው ሲፋተግ የኤሌክትሪክ ሙል (ቻርጅ) ይሸከማል። ናፍጣ ኤሌክትሪክ በደንብ ስለማያስተላልፍ ቻርጁ ቶሎ አይፈስም፣ ላዩ ላይ ይጠራቀማል። ነዳጁም ብልጭታውም አንድ ክፍል ውስጥ ተገናኙ ማለት ነው።

ስለዚህ የመጫኛው ቧንቧ የክፍሉን ወለል እስኪነካ ይውረድ፤ ከላይ እየተረጨ አይጫን። የቧንቧው አፍ በነዳጅ እስኪሸፈን ፍጥነቱ በሴኮንድ ከ1 ሜትር አይለፍ። ባለ 4 ኢንች መስመር ላይ ይህ በደቂቃ 470 ሊትር ገደማ ነው፤ ባለ 3 ኢንች ላይ 270። ጭነቱ እንዳለቀ የብረት ዘንግ ወዲያው አትስደዱ፤ ቻርጁ እስኪፈስ ታገሱ። ናይለን ልብስም አይለበስ። ደግሞም ከመቶ አንድ ቤንዚን የተቀላቀለበት ናፍጣ ከንጹሕ ናፍጣ በጣም ባነሰ ሙቀት ይያዛል፤ ለሚገዛው ገበሬም አደጋ ነው።

ሐይቅ ዳር፦ ክፍሉ ታጥቦ ከሆነስ?

መላሽ፦ «ታጥቧል» መልስ አይደለም። በመለኪያ ታይቶ ስንት ትነት አለ? ሽቦውስ ታስሯል?

ማደያ ያለው፦ ጅቡቲ ላይ 45,000 ሊትር ናፍጣ ተጭኖ እኔ ጋ ከ500 ሊትር በላይ ጎድሎ ደረሰ። ሹፌሮቹ ምን ያህል እንደለመዱት ታያላችሁ።

የሹፌር ወንድም፦ አንተ ሰውን ሌባ ከማለትህ በፊት መለኪያህን አስፈትሽ። ሚሌን ለሊት አቋርጦ ባቲን የወጣን ሰው እንዲህ ትላለህ?

ማደያ ያለው፦ ታሽጎ የመጣ ነዳጅ የት ይሄዳል ታዲያ?

መላሽ፦ ሁለታችሁም ቴርሞሜትር አላወረዳችሁም። ናፍጣ በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ በ0.00083 እጥፍ ይሰፋል፣ ይኮማተራል። በ35 ዲግሪ ተጭኖ በ20 ዲግሪ ቢራገፍ 45,000 በ15 በ0.00083 ሲባዛ 560 ሊትር ነው፤ አንድም ሰው ሳይነካው። ቤንዚን ቢሆን ወደ 800 ይጠጋ ነበር። ግን ቦቴ በአንድ ሌሊት ሁሉን ሙቀት አይጥልም፤ ስለዚህ በእያንዳንዱ ክፍል መሐል ሙቀቱን ለኩ፣ የማሸጊያውን ቁጥር ከሰነዱ አስተያዩ፣ ውላችሁም በየትኛው ሙቀት እንደሚተመን ይጻፍ። ስሌቱ ካልሸፈነው ያን ጊዜ ተጠያየቁ። ሌላ ክርክር እዚህ አይቀጥል።

ዘይነባ፦ ጋሼ፣ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚባለው መርዛማ ጋዝ የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል ይላሉ። ሽታው ከጠፋ አለፈ ማለት ነው?

መላሽ፦ አይደለም እህቴ፣ ብዙ ሰው የሚሞተው እዚህ ላይ ነው። ከሚሊዮን 100 ላይ ሲደርስ በደቂቃዎች ውስጥ ማሽተቻን ያደነዝዛል፤ ጋዙ አለ፣ አፍንጫሽ ግን አይነግርሽም። ወደ 700 ሲደርስ ሰው ወዲያው ይወድቃል። ከአየር ስለሚከብድም ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል። በነዳጅ ጉድጓድ ብቻ አይደለም፤ በቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ ጉድጓድም ይኖራል፣ ኮምቦልቻ ላይ የምትሠሩ ልብ በሉ። ሰው ከወደቀ ማንም ተከትሎት አይግባ። የትንፋሽ መሣሪያ፣ መታጠቂያና ማውጫ ገመድ ይዞ ውጭ የሚቆም ሰው አስቀድሞ ይመደባል፤ ያ ሰው ከሌለ ሥራው አይጀመርም።

አብሽር ነኝ፦ ጉድጓድ ሳይገባ የጋዝ መለኪያው መጀመሪያ የቱን ያሳይ?

መላሽ፦ ኦክስጅንን። ከ19.5 እስከ 23.5 በመቶ ካልሆነ አይገባም። ምክንያቱም ብዙው የተቀጣጣይ ጋዝ መለኪያ ራሱ ኦክስጅን ካላገኘ አሳንሶ ያነብባል። ቀጥሎ ተቀጣጣይ፣ ከዚያ መርዛማ። ዕለት ዕለት በሚታወቅ ጋዝ ፈትሹት። ዜሮውንም በምትሠሩበት ከፍታ፣ ንጹሕ አየር ላይ አስተካክሉት።

የቦርከና ልጅ፦ ጋሼ፣ ሲራገፍ ቅደም ተከተሉ እንዴት ነበር?

መላሽ፦ ከላይ ጽፌልሃለሁ። አንብብ።

ኢንጂነር ሰው፦ ካሉብና ሂላላ የጋዝ መስኮች ላይ ለመሥራት የባሕር ላይ መትረፊያ ሰርተፍኬት አምጡ ብለው ገንዘብ ይጠይቃሉ። ልክፈል?

መላሽ፦ አይክፈሉ። ያ ሥልጠና በባሕር ላይ መድረክ ለሚሠሩ፣ በሄሊኮፕተር ለሚመላለሱ ነው፤ ካሉብና ሂላላ በሶማሌ ክልል በየብስ ናቸው። ከቴክኒክና ሙያ ብየዳ፣ የቧንቧ መግጠም ወይም ኤሌክትሪክ በደንብ ይዞ የወጣ ሰው ይበልጣል። ለምሳሌ ባለ 8 ብሎን ፍላንጅ (ሁለት ቧንቧ የሚያገናኝ ክብ ብረት) ዙሪያውን በተራ አይጠበቅም፤ ጋስኬቱ (መሐል የሚገባው ማሸጊያ) ወደ አንድ ጎን ይጨመቅና ያፈስሳል። ብሎኖቹን በዙሪያው ቁጥር ሰጥታችሁ 1፣ 5፣ 3፣ 7፣ 2፣ 6፣ 4፣ 8 እያላችሁ፣ መጀመሪያ 30 በመቶ፣ ከዚያ 60፣ ከዚያ ሙሉ ኃይል፣ በመጨረሻ አንድ ዙር በተራ።

ዘመድኩን፦ ጥሩ ሥልጠና የት አለ?

መላሽ፦ የምን ሥልጠና?

የደሴ ማደያ፦ የቤንዚን ፓምፓችን እኩለ ቀን ላይ መሳብ ያቅተዋል፣ ጠዋት ይሠራል። ፓምፑ ማከፋፈያው (ነዳጅ የሚቀዳበት ማሽን) ውስጥ ነው። አዲስ ልግዛ?

መላሽ፦ ገና አትግዙ። ፓምፕ ነዳጅ የሚስበው አየር ከታች ስለሚገፋለት ነው። በባሕር ጠረፍ አየሩ 10 ሜትር ውኃ ይገፋል፤ ደሴ፣ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ፣ 7 ሜትር ተኩል። ከዚያ ላይ የቤንዚኑ የራሱ ትነት ይቀነሳል፣ እኩለ ቀን ላይ ደግሞ ትነቱ ይጨምራል፤ ቧንቧው ውስጥ አረፋ ይሆንና ፓምፑ ባዶውን ይዞራል። የናፍጣውን ማከፋፈያ በዚያው ሰዓት ተመልከቱት። እሱ ደህና ከሆነ ትነት ነው፤ ማጣሪያውን አጽዱ፣ የመሳቢያውን መስመር አሳጥሩ፣ የቧንቧውን መታጠፊያ (ክርን) ቀንሱ፣ ቧንቧው ወደ ታንኩ ያዘቅዝቅ። ካልበቃ ታንኩ ውስጥ የሚገባ ገፊ ፓምፕ ይሻላል። ጠዋትም እንቢ ካለ ግን የአየር ቀዳዳ ወይም ነዳጁ ወደ ታንኩ እንዳይመለስ የሚያግደው ቫልቭ አለመዝጋቱ ነው። ስትፈቱት መብራቱ ከዋናው ይጥፋ፣ ሽቦው ይታሰር፣ ከማከፋፈያው ሥር ያለው ጉድጓድም በመለኪያ ይታይ፤ የቤንዚን ትነት እዚያ ይተኛል።