ባርባራ ስታንዊክ፦ ከየትኛው ፊልም ልጀምር? ኦስካሩስ ለምን አመለጣት?

«የሆሊውዷን ተዋናይት የባርባራ ስታንዊክን ፊልሞች ማየት ብፈልግ ከየትኛው ልነሣ? ለኦስካር አራት ጊዜ ታጭታ አንዴም ያላሸነፈችውስ ለምንድን ነው?» ብለሽ ለጠየቅሽው እህታችን፤ የሁለቱ ጥያቄዎች መልስ አንድ ቦታ ስለሚገናኝ አያይዤ ልመልስልሽ። ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

መልሱ ያለው ውሏ ላይ ነው። በ1930ዎቹና በ40ዎቹ የሆሊውድ ተዋናይ ብዙውን ጊዜ ለአንድ ስቱዲዮ ለሰባት ዓመት ይፈርማል። ፊልሙን የሚመርጥለት ስቱዲዮው ነው፤ አልሠራም ካለ ያለ ደመወዝ ይታገዳል። በዚያው ልክ ግን ስቱዲዮው ስሙን ይገነባለታል፣ የሽልማት ሰሞን ሲደርስም ድምፅ ያሰባስብለታል። ስታንዊክ ገና በጅምሯ ኮሎምቢያና ዋርነር ብራዘርስ የተባሉትን ሁለት ስቱዲዮዎች ጎን ለጎን ይዛ ነው የሠራችው። ከዚያ ወዲህም ለአንድ ቤት ሳትታሰር በየፊልሙ እየተዋዋለች ኖረች። ከአጭበርባሪ እስከ ነፍሰ ገዳይ፣ ከድሃ እናት እስከ ከብት አርቢ የፈለገችውን ገጸ ባሕርይ እንድትጫወት ያስቻላት ይህ ነፃነት ነው። በሽልማት ሰሞን «የኛ ናት» ብሎ የሚቆምላት ቤት ያሳጣትም ይኸው ነው። በገንዘብ በኩል አልተጎዳችም፤ በ1944 በአሜሪካ ከፍተኛ ተከፋይ ሴት ተብላ ተመዝግባለች።

የተሸነፈችባቸው አራቱ ፊልሞች እነዚህ ናቸው። በ1937 በ«ስቴላ ዳላስ» ታጭታ ሉዊዝ ራይነር ወሰደችው። በ1941 በ«ቦል ኦፍ ፋየር» ቀልድ ነበር የታጨችው፤ ኦስካርን የሚሰጠው አካዳሚ ደግሞ ለቀልድ እጁ አይፈታም፣ ጆአን ፎንቴን አሸነፈች። በ1944 «ደብል ኢንደምኒቲ» በሰባት ዘርፍ ታጭቶ አንድም ሳያገኝ ሲቀር የእሷን ኢንግሪድ በርግማን ወሰደችው። ያን ዓመት የፊልሙ ስቱዲዮ ፓራማውንት ትኩረቱን ያደረገው ምርጥ ፊልም ተብሎ በተሸለመው ሌላው ፊልሙ ላይ ነበር። በ1948 በ«ሶሪ፣ ሮንግ ነምበር» ታጭታ ጄን ዋይማን ቀደመቻት። እኔ በግልጽ የምፈርደው የ1944ቱን ነው፤ ያ ሽልማት የእሷ መሆን ነበረበት። የክብር ኦስካር የሰጧት በ1982 ነው፤ ስለዚህ «ኦስካር ጭራሽ አላገኘችም» የሚለው ትክክል አይደለም።

ሕይወቷን በአጭሩ ልንገርሽ፣ አጨዋወቷን ለመረዳት ይጠቅምሻል። ጁላይ 16 ቀን 1907 ብሩክሊን ውስጥ ተወለደች፤ ወላጆቿ ያወጡላት ስም ሩቢ ስቲቨንስ ነው። አራት ዓመት እንደሆናት እናቷ ሞተች፣ አባቷም ብዙም ሳይቆይ ፓናማ ካናል ቁፋሮ ሥራ ሄዶ በዚያው ቀረ። ታላቅ እህቷና የተለያዩ አሳዳጊ ቤተሰቦች እየተቀባበሉ አሳደጓት። በ14 ዓመቷ ትምህርት አቁማ ሥራ ገባች፣ ከዚያም የምሽት ክበብና የብሮድዌይ ዳንሰኛ ሆነች። በ1926 «ዘ ኑስ» የተባለው ቴአትር ላይ ነው ስሟ ተቀይሮ ባርባራ ስታንዊክ የሆነችው። የትወና ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጠችም። ያም ሆኖ ቀረጻ ስትመጣ የራሷን ብቻ ሳይሆን የሌላውንም ሰው ንግግር በቃሏ ይዛ ነበር የምትመጣው። የመብራትና የካሜራ ሠራተኞች ይወዷት የነበረው አንዱ በዚህ ነው፤ በእሷ ምክንያት ሥራ አይደገምም።

ፍራንክ ካፕራ በ1930 «ሌዲስ ኦፍ ሌዠር»ን ሲያዘጋጅ ያስተዋለው ነገር አለ። ስሜቷ ሙሉ የሚሆነው በመጀመሪያው ቀረጻ ነው፣ ሲደጋገም ይሟሟል። ስለዚህ ሌሎቹን ተዋናዮች ያለ እሷ ያለማምድና እሷ ስትገባ ትዕይንቱን በአንድ ጊዜ በበርካታ ካሜራዎች ይቀርጽ ነበር። ፊልሞቿን ስታዪ ይህን አስቢ፤ የምትሰሚው ድምፅ ብዙውን ጊዜ ያልታሸ፣ ገና ትኩስ የሆነው ነው።

አሁን ወደ አጀማመሩ። በ«ደብል ኢንደምኒቲ» አትጀምሪ። ሁሉም የሚመክረው እሱን ነው፣ ድንቅ ፊልምም ነው። ግን እሱን ያስቀደመ ሰው ስታንዊክን ቀዝቃዛ ሴት አድርጎ ይይዛትና ሌላውን ሁሉ በዚያ ዓይን ያያል። በ1941ዱ «ዘ ሌዲ ኢቭ» ጀምሪ። መርከብ ላይ ነው፤ እሷ የካርታ ቁማር አጭበርባሪ፣ ሄንሪ ፎንዳ ደግሞ ከእባብ ጥናቱ የሚመለስ የሀብታም ልጅ ነው። ምግብ ቤቱ ውስጥ ጀርባዋን ሰጥታው ተቀምጣ በትንሿ የፓውደር መስታወቷ ታየዋለች። የክፍሉ ሴቶች ሁሉ እሱን ለመሳብ የሚያደርጉትን እያንዳንዱን ሙከራ፣ የሚያስቡትንም ጭምር፣ እሷ በራሷ አንደበት እየተረከች ትከታተላለች። ሊወጣ በአጠገቧ ሲያልፍ እግሯን ትዘረጋና ትጥለዋለች፣ ከዚያም የጫማዬን ተረከዝ ሰበርክብኝ ብላ የምትቆጣው እሷው ናት። በደቂቃዎች ውስጥ አስቂኝም፣ ተንኮለኛም፣ የምትወደድም ትሆናለች። ንግግሩ ፈጣን ስለሆነ የእንግሊዝኛውን ጽሑፍ ከሥር ክፈቺ፤ አለዚያ ግማሹ ቀልድ ያመልጥሻል።

ቀጥሎ «ስቴላ ዳላስ»ን እዪ። መጨረሻው ላይ በዝናብ መንገድ ዳር ቆማ የልጇን ሠርግ በመስኮት ስታይ መሐረቧን በጥርሷ ነክሳለች፤ ፖሊሱ ሂጂ እያላት ትንሽ ጨምርልኝ ትለዋለች። ስትሄድ ፊቷን እዪ፤ ፈገግ ትላለች።

ከሁለቱ በኋላ «ደብል ኢንደምኒቲ» ይምጣ። የፊልሙ ዳይሬክተር ቢሊ ዋይልደር ያደረገላትን ወርቃማ ዊግ ብዙ ሰው ይስቅበታል፣ የስቱዲዮው አለቃም በጊዜው አልወደደውም። ለእኔ ግን የዊጉ ርካሽ መምሰል ባሏን ለምታስገድለው ለዚያች ሴት የተገባ ነው። አንድ ትዕይንት በደንብ እዪልኝ። መኪና ውስጥ እሷ ትነዳለች፣ ባሏ አጠገቧ ነው፣ ፍሬድ ማክመሪ ከኋላ ተደብቋል። የመኪናውን ጥሩምባ ሦስት ጊዜ በመንፋት ምልክት ስትሰጠው ግድያው ይፈጸማል፤ ካሜራው ግን ሟቹን አያሳይም፣ እሷ ፊት ላይ ይቆያል። ዓይኗ ከመንገዱ አይነቀልም። ሙሉው ወንጀል የሚታየን በእሷ ፊት ነው።

ሰው በብዛት የሚሳሳተው በ1933ቱ «ቤቢ ፌስ» ነው። የኒውዮርክ ሳንሱር አላሳልፍም ስላለ ተቆርጦና ንግግሩ ተቀይሮ ነው ለሕዝብ የወጣው። ያልተቆረጠው ቅጂ በ2004 በአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ክምችት ውስጥ ተገኘ። ርዝመቱን እዪ፤ ሙሉው 76 ደቂቃ ገደማ፣ የተቆረጠው 71 ገደማ ነው። በደቂቃ መለየት ካልቻልሽ መጨረሻውን እዪ። የባንኩ ሹሞች ተሰብስበው ጥንዶቹ ፒትስበርግ ሄደው በድህነት እንደሚኖሩ ሲያወሩ ካየሽ የያዝሽው የሳንሱሩን ነው። በዚህ ቅጂ ሽማግሌው ጫማ ሰሪ የሚመክራትም ተገልብጧል፤ በሙሉው ወንዶችን ተጠቀሚባቸው የሚላት ሰው በተቆረጠው ትክክለኛውን መንገድ ያዢ እያለ ይሰብካታል። የፊልሙ አከርካሪ ያ ምክር ስለሆነ ተቆርጦ ያየ ሰው ፊልሙን አየሁት ባይል ይሻላል።

የቴሌቪዥንሽን ማስተካከያም ቀድመሽ እዪ። ከ1953 በፊት የተሠሩት የምስላቸው ቅርጽ ወደ አራት በሦስት የተጠጋ ነው፤ ቴሌቪዥኑ ስክሪኑን ልሙላ ብሎ ሲለጥጠው ፊት ሁሉ ይሰፋል፣ የእሷ አጥንታም ፊት ደግሞ ሥራዋ ነው። ዳርና ዳሩ ጥቁር ሆኖ ይቅር። ጨለማ ትዕይንት አልታይ ካለሽ የስክሪኑን ብርሃን ከመጨመር የክፍልሽን መብራት ቀንሺ፤ ብርሃን ሲጨመር ጥቁሩ ግራጫ ይሆናል። «ፎርቲ ገንስ» ግን በተቃራኒው በጣም ሰፊ ነው፣ በሲኒማስኮፕ ነው የተቀረጸው፤ ዳርና ዳሩ የተቆረጠ ቅጂ አትግዢ። በእሱ ፊልም እግሯ እርካብ ላይ ተይዞ ፈረስ መሬት ለመሬት ሲጎትታት የምታያት ራሷ ናት፤ በተለዋጭ ሰው አልሠራችውም። 1957 ነው፣ ዕድሜዋ ሃምሳ ደፍ ላይ።

ስለ ቴሌቪዥኑ፦ ሆሊውድ ከአርባ ዓመት በላይ ላለች ሴት ሚና ሲነፍግ እሷ ሳታፍር ተሻገረች። በስሟ የተሰየመው የ1960–61 ተከታታይ በየሳምንቱ የተለያየ ታሪክ የሚያቀርብ ነበር፤ ከአንድ ሲዝን በኋላ ቢቋረጥም የመጀመሪያ ኤሚዋን፣ ማለትም የቴሌቪዥን ሽልማቷን፣ አስገኘላት። «ዘ ቢግ ቫሊ» ከ1965 እስከ 1969 በ112 ክፍል ታየ፤ ካሊፎርኒያ ውስጥ ሰፊ እርሻ የምታስተዳድር የባል የሞተባት ቪክቶሪያ ባርክሊን ሆና በ1966 ሁለተኛውን ኤሚ ወሰደች። ሁሉንም ማየት አይጠበቅብሽም፤ ታሪኩ በእሷ ላይ የሚያተኩርባቸውን ክፍሎች ምረጪ፣ ልጆቿ ላይ የሚያተኩሩት አብዛኞቹ ተራ ዌስተርን ናቸው።

ሦስተኛው ኤሚ በ1983ቱ «ዘ ቶርን በርድስ» ነው። የምትጫወታት ሜሪ ካርሰን መጀመሪያ ላይ ስለምትሞት፣ ስታንዊክን ፈልገሽ ከሆነ ሙሉውን መጨረስ አያስፈልግሽም። ከሪቻርድ ቻምበርሌይን ጋር ያላት የመጨረሻ ንግግር ግን እንዳያመልጥሽ፤ በ75 ዓመቷ፣ ያረጀ ገላ ውስጥ ያለ ያላረጀ ፍላጎትን ያለ ምንም እፍረት ትናገራለች። «ዘ ኮልቢስ» የተባለውን ተከታታይ ዝለዪው፤ ራሷም ከአንድ ሲዝን በኋላ ትታ ወጥታለች።