ታሪኩ አልጠፋህም፣ ስዕሉ ውስጥ ነው

«የ2001ዱ የጃፓን አኒሜሽን ፊልም ስፒሪትድ አዌይ ስዕሉ አፍ ያስከፍታል፣ ታሪኩ ግን ወዴት እንደሚሄድ አልገባኝም» ላልከው፦ ታሪኩን በንግግሩ ሳይሆን በዋና ገጸ ባህሪዋ፣ በልጅቷ በቺሂሮ አቀማመጥ ተከተለው።

መጀመሪያ ላይ ቺሂሮ መኪናው የኋላ ወንበር ላይ ተጋድማ አኩርፋለች። በኋላ ውሃ ላይ በሚሄደው ባቡር ውስጥ ቀጥ ብላ፣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ትቀመጣለች። ወሬ የለም ማለት ይቻላል። ግን ልጅቷ እንደተለወጠች እዚያ ታየዋለህ። ለእኔ የፊልሙ ምርጥ ቦታ እሱ ነው።

የፊልሙ ዳይሬክተር ሚያዛኪ ያለቀ ድርሰት ይዞ አይጀምርም፤ ትዕይንቱን እየሳለ ነው ታሪኩን የሚያገኘው። ስለዚህ መንገዱ ቢጠማዘዝብህ አይግረምህ።

አንድ ነገር ግን፦ በስልክ አትየው። እኔ መጀመሪያ እንደዚያ ሳየው፣ ዓይኔ ከታች ያለውን የትርጉም ጽሑፍ ሲያሳድድ ፊቷ አመለጠኝ።