«ካፒቴን፣ መርከቡን የት አቆምከው?»

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር የምኖር ተማሪ ነኝ። ባለፈው ሳምንት ቅዳሜ ገበያ ሰልባጅ ተራ ቦንዳ ሲፈታ ደርሼ ሁለት ነገር አገኘሁ፤ ነጭና ሰማያዊ መስመር ያለው ባለ እጅጌ ካናቴራ እና መልሕቅ የተቀረጸባቸው ቁልፎች ያሉት ጥቁር ሰማያዊ አጭር ካቦርት። ካቦርቱ አንድ ቁልፍ ጎድሎታል። ሁለቱን ደርቤ ፒያሳ ብወጣ ጓደኞቼ «ካፒቴን፣ መርከቡን የት አቆምከው?» እያሉ መግቢያ አሳጡኝ። ባሕር ለሌለው አገር ሰው ይህ ልብስ ያስቃል? ከምንስ ጋር ይለበሳል? ለጥምቀትም አስቤው ነበር።

መልስ፦ ልጄ፣ ጓደኞችህ ግማሽ እውነት አላቸው። ለየብቻቸው ደህና ልብሶች ናቸው፤ አንድ ላይ ስትደርባቸው ነው ተሹመህ የመጣህ የሚያስመስሉህ።

ካናቴራው ግን የሹም ልብስ ሆኖ አያውቅም። የፈረንሳይ ባሕር ኃይል እ.ኤ.አ. መጋቢት 27 ቀን 1858 ባወጣው ደንብ ለተራ መርከበኛ ያደለው የውስጥ ልብስ ነው። ደንቡን ያወጣው ሰው ልብስ ሰፊ ሳይሆን አይቀርም እላለሁ። ደረቱና ጀርባው ላይ 21 ነጭ መስመር፣ እያንዳንዱ 20 ሚሊ ሜትር፤ ሰማያዊው ደግሞ 10 ሚሊ ሜትር፣ የነጩ ግማሽ ማለት ነው። ሜትርህን አውጣና ያንተን ለካው። ብዙዎቹ የዘመኑ ልብሶች ሁለቱን እኩል ያደርጉና ዓይን ያወናብዳሉ። እጅጌውም አጠር ያለ ነበር፣ ከላይ ከሚደረበው ልብስ ሥር እንዳይታይ።

ከዚያ ወዲህ ሰው የውስጡን ወደ ውጭ አወጣው። ኮኮ ሻኔል እ.ኤ.አ. በ1913 ዶቪል በምትባል የፈረንሳይ የባሕር ዳርቻ ከተማ ሱቅ ከፍታ የመርከበኛና የዓሣ አጥማጅ ልብስ ለሀብታም ሴቶች አለበሰች። ሠዓሊው ፒካሶም ሲለብሰው ፎቶ ተነሥቷል። ልጆችን የመርከበኛ ልብስ ማልበስ ደግሞ ከዚያ ይቀድማል፤ እ.ኤ.አ. በ1846 የንግሥት ቪክቶሪያ ልጅ በአራት ዓመቱ ያንን ልብስ ለብሶ ሥዕል ተሣለ። እኔ ራሴ ያንን ሰፊ አራት ማዕዘን አንገትጌ ለስንት ሕፃን ልደት እንደ ሰፋሁ ቆጥሬ አልጨርሰውም፤ ከየት እንደ መጣ የጠየቀኝ እናት ግን የለም።

ባሕር ለሌለው አገር ያልከው ላይ ትንሽ ልቆጣህ ነው። አጎቴ ምጽዋ ላይ የባሕር ኃይል ነበር። ወደ ጎንደር ሲመለስ ያመጣው ሳጥን ውስጥ ከታች የሰፋ ነጭ ሱሪ ነበረበት፤ ልጆች ሆነን እየለበስነው እንሣሣቅ ነበር። አንድ ቀን አጎቴ ቀማንና ራሱ ለብሶ፣ እግሩን እንደ ቆመ በሁለት እጥፋት ጉልበቱ ላይ አደረሰው። «የመርከብ ወለል ሲታጠብ እንዲህ ነው» አለን። ልብስ ሰፊ ሆኜ ብዙ የሱሪ እግር ቆርጫለሁ፣ ያቺን እጥፋት ግን አልረሳኋትም።

ካቦርትህም እንደዚያው የሥራ ልብስ ነው። ወፍራም ሱፍ፣ ነፋስ ሲመጣ ጆሮ ድረስ የሚቆም ኮሌታ፣ ደረት ላይ እርስ በርሱ የሚደራረብ ድርብ ቁልፍ። አጭር የሆነውም ገመድና መሰላል ሲወጡ እንዳያደናቅፍ ነው። ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ ለምትኖር ጎንደሬ ከዚህ የተሻለ የማታ ልብስ አላውቅም። ከተራ ጂንስ ወይም ከግራጫ ሱሪ ጋር ልበሰው፣ ከሥሩ መስመር የሌለው ሹራብ። ካናቴራውን ለቀን አቆየው፤ ከካኪ ሱሪና ከነጭ ሸራ ጫማ ጋር ጎርጎራ ወርደህ ጣና ዳር ብትቀመጥበት ማንም ካፒቴን አይልህም። ባለ መልሕቅ ኮፍያ ከጨመርክ ግን እኔም ከጓደኞችህ ጋር ነኝ።

ጥምቀት ላይ አይሆንም። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚባለው ለሴት ብቻ መሰለህ? ቀን ነጭህን ልበስ። የከተራ ሌሊት ፋሲለደስ መዋኛ ዳር የምታድር ከሆነ ግን የቀሃ ወንዝ ውሃ የሞላበትን ቦታ ብርድ ታውቀዋለህ፤ ካቦርቱን ከጋቢህ ሥር አድርገው፣ ሲነጋ ታወልቀዋለህ።

እጥበቱን ልንገርህ፣ ምክንያቱም ዋጋ ከፍዬበታለሁ። የባለቤቴን እንዲህ ያለ ካቦርት በፍል ውሃ ዘፍዝፌ አሽቼ ሳወጣው ለአሥር ዓመት ልጃችን ልክ ሆነ። ልጁ ደስ አለው፤ አባቱ ሁለት ቀን አላናገረኝም። ሱፍ ይቦረሻል፣ ጥላ ውስጥ ነፋስ ይመታዋል፣ ከቆሸሸ የቆሸሸው ቦታ ብቻ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል። ካናቴራውን ገልብጠህ እየው፦ መስመሩ ከውስጥም እንደ ውጭው ጎልቶ ከታየ ከክሩ የተሠራ ነው፣ ውስጡ ነጭ ከሆነ ቀለሙ የታተመ ነውና ብዙ አትጠብቅበት። ለብቻው በቀዝቃዛ ውሃ እጠበው። በረኪና አታስጠጋው፤ መጀመሪያ የሚሄደው ሰማያዊው ነው።

ስለ ጎደለው ቁልፍ፦ ገበያ ዞረህ መልሕቅ ያለበት አትፈልግ፣ ከቀሩት ጋር አይመሳሰልልህም። ኮሌታው ተኝቶ ሳለ ከሥሩ የሚደበቅ አንድ ቁልፍ ከላይ አለ። እሱን ፈተህ በጎደለው ቦታ ትከለዋለህ፣ በሱ ቦታ ማንኛውንም ጥቁር ቁልፍ። ክሩን አጥብቀህ አትሳበው፤ ሱፉ ወፍራም ስለሆነ ከቁልፉ ሥር ክብሪት እንጨት አስገብተህ ስፋው፣ ከዚያ እንጨቱን አውጥተህ በተረፈው ክር ከሥሩ አራት አምስት ጊዜ ጠምጥምና ቋጥረው።